አምፕሊፋየር ከመግዛታችን በፊት፦ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያና ፊዚክስ

ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደን ስንጓዝ አዲ አርቃይን እናገኛለን። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት በደረሰበት በዚህ አካባቢ ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሚሰበሰብ እያንዳንዱ ብር በጥንቃቄ መውጣት ይኖርበታል። «ስብከቱ አይሰማም፤ መሣሪያውም ይጮኻል» የሚል ቅሬታ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ለሰበካ ጉባኤ የሚቀርበው ሐሳብ «ትልቅ አምፕሊፋየር እንግዛ» የሚል ነው። ይህ ሐሳብ ገንዘብ ከማስወጣቱ በፊት በፊዚክስ ሚዛን ሊመዘን እንደሚገባው በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ስንት ዋት ያስፈልገናል?

የድምፅን ጥንካሬ የምንለካው በዴሲቤል ነው። ሁለት ሕጎችን እናስታውስ። አንደኛ፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉ በ10 እጥፍ ሲያድግ ድምፁ በ10 ዴሲቤል ይጨምራል፤ በ2 እጥፍ ሲያድግ ግን ጭማሪው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በገላጣ ስፍራ ርቀታችን እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል።

በየደብሩ የምናየው ጡሩምባ መሰል ድምፅ ማጉያ በ1 ዋት ኃይል፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ 105 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል እንበል፤ ይህ ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ የተለመደ መጠን ነው። 10 ዋት ብንሰጠው 115 ዴሲቤል ይሆናል። 30 ሜትር ርቆ የቆመ ምእመን ዘንድ ሲደርስ ወደ 30 ዴሲቤል ገደማ ስለሚቀንስ 85 ዴሲቤል ይቀራል። ፊት ለፊት ቆመን በ1 ሜትር ርቀት የምናደርገው ተራ ጭውውት 60 ዴሲቤል ገደማ መሆኑን ስናስብ፣ 10 ዋት ለመካከለኛ ቅጽር ከበቂ በላይ መሆኑን እንረዳለን። ባለ 100 ዋቱን በባለ 200 ዋት ብንተካም የምናተርፈው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሯችን «ድምፁ እጥፍ ሆነ» የሚለው ግን ጭማሪው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ችግሩ የዋት ማነስ ካልሆነ ምንድን ነው?

ጩኸቱ ከየት ይመጣል?

ከድምፅ ማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ይገባል፤ አምፕሊፋየሩ ያን ደግሞ አጉልቶ ያወጣዋል። ዞሮ የሚመጣው ድምፅ ከመነሻው እኩል ወይም የበለጠ ከሆነ ዑደቱ ራሱን እየመገበ ያድግና ሲጥ የሚለው ጩኸት ይፈጠራል። ይህ ወሰን የሚለካው በአምፕሊፋየሩ ዋት ሳይሆን በማይክሮፎኑ፣ በተናጋሪውና በድምፅ ማጉያው አቀማመጥ ነው። ስለዚህ ትልቁ አምፕሊፋየር ልክ ትንሹ በጮኸበት የድምፅ መጠን ላይ ይጮኻል።

የክብ ቤተ ክርስቲያን አሠራር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ካህኑ በመቅደስ ሲቀድሱ በእርሳቸው ማይክሮፎንና በውጭ ባለው ድምፅ ማጉያ መካከል የመቅደሱ፣ የቅድስቱና የቅኔ ማኅሌቱ ግድግዳዎች ይቆማሉ፤ ዑደቱም ይዳከማል። ሰባኪው ወደ ዐውደ ምሕረት ሲወጣ ግን ማይክሮፎኑና ድምፅ ማጉያው በአንድ አየር ላይ ይገናኛሉ። በቅዳሴ ጊዜ ሰላም የነበረ መሣሪያ በስብከት ጊዜ ቢጮኽ ሊያስደንቀን አይገባም።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ማይክሮፎኑን ከአፍ 40 ሳንቲ ሜትር ከማራቅ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ብናቀርበው የተናጋሪው ድምፅ በ12 ዴሲቤል ሲጨምር፣ ከድምፅ ማጉያው የሚመለሰው ባለበት ይቆያል። ይህ ትርፍ ከ16 እጥፍ ኃይል ጋር ይተካከላል። ድምፅ ማጉያው ከማይክሮፎኑ ፊት ቀድሞ ወደ ሕዝቡ ይዙር፤ የማይናገሩባቸው ማይክሮፎኖችም ይዘጉ። አዲስ ዕቃ መግዛት ግድ ከሆነ፣ ከፊት አጥርቶ የሚቀበልና ከኋላ የሚመጣውን የሚያዳክም ካርዲዮይድ የሚባል ማይክሮፎን ይቅደም።

ሽቦው የሚበላው ኃይል

ከአምፕሊፋየሩ 50 ሜትር ርቆ የተሰቀለ ባለ 8 ኦም ድምፅ ማጉያ እናስብ። ሽቦው 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ ከሆነ፣ ደርሶ መልስ 100 ሜትሩ 2.3 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። ድምፅ ማጉያው የሚያገኘው ኃይል በዚህ ምክንያት ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ወደ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ብንለውጠው ግን 85 በመቶ ያህሉ ይደርሳል። ለረጅም ርቀት ደግሞ ትራንስፎርመር ያላቸውና በ100 ቮልት መስመር የሚሠሩ ድምፅ ማጉያዎች ይመረጣሉ። ምክንያቱ የመብራት ኃይል በከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚተላለፍበት ምክንያት አይለይም፤ ቮልቴጁ ሲጨምር ከረንቱ ይቀንሳል፣ በሽቦው ላይ የሚባክነውም ያንሳል። ይህ መስመር ሰውን ሊጎዳ ስለሚችል ግን በባለሙያ እጅ መዘርጋት አለበት።

ጎልቶ መሰማትና ጠርቶ መሰማት

«መጣ» እና «መታ» የሚለዩት በአንድ ተነባቢ ነው። ተነባቢዎችን የሚለየው መረጃ በአብዛኛው ከ2000 ኸርዝ አካባቢና ከዚያ በላይ ይገኛል። የባስ መቆጣጠሪያውን ለስብከት ጊዜ ዝቅ ማድረግ ያለ ወጪ ቃሉን ያጠራዋል።

በሕንፃ ውስጥ ሌላው ጠላት የድምፅ መንቀራጨብ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ሳቢን ከ1895 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ አዳራሽ ሲያጠና፣ በባዶው አዳራሽ ድምፅ ከ5 ሰከንድ በላይ ሳይጠፋ ይቆይ ነበር። ከአጎራባች ቴአትር ትራስ እያመጣ በማስገባት ለስላሳ ነገር ድምፅን ምን ያህል እንደሚውጥ ለካ። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ምንጣፉ፣ መጋረጃው፣ ጋቢና ነጠላ የለበሰው ምእመን ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። ባዶ ቤት ውስጥ የተሞከረ መሣሪያ በበዓል ቀን ሌላ ጠባይ የሚያሳየው ለዚህ ነው።

በቅጽሩ ውስጥ ደግሞ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል እንደሚጓዝ እናስታውስ። ከአንዱ ድምፅ ማጉያ 5 ሜትር፣ ከሌላው 60 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ሁለተኛውን በ0.16 ሰከንድ ዘግይቶ ስለሚሰማ ቃል በቃል ላይ ይደረባል። ድምፅ ማጉያዎችን በየዛፉ ከመበተን በአንድ ምሰሶ ላይ በተለያየ አቅጣጫ መስቀልና ወደ ሕዝቡ ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ወደ አድማስ የቀና ጡሩምባ የሚያገለግለው ምእመኑን ሳይሆን ከቅጽር ውጭ ያለውን ሰፈር ነው፤ በዚያም የታመመና የተኛ ሰው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከመኝታ ቤት ውጭ በሌሊት የሚሰማ ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል።

እንግዲህ የወጪው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ አቀማመጥ፣ ቀጥሎ ማይክሮፎን፣ ቀጥሎ ሽቦ፣ በመጨረሻ አምፕሊፋየር። ተማሪዎች ሆይ፣ ሜትርና የሂሳብ ማሽን ይዛችሁ የየአጥቢያችሁን ርቀትና የሽቦ ርዝመት ለክታችሁ ይህንን ስሌት ሠርታችሁ ለሰበካ ጉባኤው ብታቀርቡ፣ በክፍል የተማራችሁት ፊዚክስ የምእመናንን ገንዘብ ከብክነት ያድናል።