የእስልምና የምግብ ሕግጋትና ከእንስሳት የሚተላለፉ በሽታዎች

ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች ከሚከተሏቸው መንገዶች አንዱ ምግብ ነው። ቁርኣን በማኢዳ ምዕራፍ 3ኛ አንቀጽ በክትን፣ ደምንና የአሳማ ሥጋን ይከለክላል። ታንቆ፣ ተደብድቦ፣ ከከፍታ ወድቆ፣ በቀንድ ተወግቶ ወይም በአውሬ ተነክሶ የተጎዳ እንስሳም ነፍሱ ሳትወጣ ካልታረደ በቀር አይበላም። እነዚህ ትእዛዛት ለሙስሊሙ በቅድሚያ የአምልኮ ጉዳይ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ግን ሕግጋቱ የትኛውን የበሽታ መተላለፊያ እንደሚዘጉና የትኛውን ክፍት እንደሚተዉ ከሥነ ሕይወት አኳያ እንመለከታለን።

በክትና አባ ሰንጋ

በራሱ የሞተን እንስሳ ምን እንደገደለው በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆነን በአገራችን አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ ነው። መንስኤው ባሲለስ አንትራሲስ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ የሕይወት ዑደቱን ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1876 ገልጿል። በበሽታው የሞተ ከብት ደሙ በባክቴሪያው የተሞላ ነው። በድኑ ሲከፈት ባክቴሪያው አየር አግኝቶ ወደ ስፖርነት ይለወጣል፤ ስፖሩም በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም አደጋው በመብላት ብቻ ሳይሆን ቆዳውን በመግፈፍና ሥጋውን በመበለትም ይመጣል። በክትን መተው ይህን መንገድ ይዘጋል። ይሁን እንጂ ሊሞት ሲያጣጥር በጥድፊያ የታረደ የታመመ ከብት፣ ደሙ ቢፈስም እንኳ፣ ከባክቴሪያው ነጻ አይሆንም።

የአሳማ ሥጋ

እ.ኤ.አ. በ1835 ጄምስ ፓጄት የተባለ የለንደን የሕክምና ተማሪ በአስከሬን ጡንቻ ውስጥ ጥቃቅን ትሎችን አየ። ትሉ ትሪኪኔላ ነበር። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ዜንከር እ.ኤ.አ. በ1860 ትሉ የአሳማ ሥጋ በመብላት ሰውን እንደሚይዝ አሳየ። ቴኒያ ሶሊየም የተባለው የአሳማ ኮሶ ትልም እጩ በአሳማ ጡንቻ ውስጥ ይገኛል፤ ሥጋውን በሚገባ ሳያበስል በበላ ሰው አንጀት ውስጥ ትሉ ያድጋል።

ይህ እጭ በሰው አንጎል ውስጥ ሰፍሮ የሚጥል በሽታ የሚያስከትለው ግን ሥጋው ሲበላ አይደለም፤ በትሉ ከተያዘ ሰው ዓይነ ምድር የወጣው እንቁላል በእጅ ወይም በምግብ አማካይነት ሲዋጥ ነው። ስለሆነም አሳማ የማይበላም ሰው ሊያዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1992 የአሳማ ሥጋ በማይበሉ የኒው ዮርክ ኦርቶዶክስ አይሁድ ቤተሰቦች በሽታው መገኘቱ ተዘግቧል፤ ምንጩም በትሉ የተያዙ የቤት ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ተገምቷል።

የተፈቀደውስ?

በሬ ሐላል ነው፤ ሆኖም በጥሬ ሥጋው ውስጥ የቴኒያ ሳጂናታ፣ ማለትም የተለመደው የኮሶ ትል፣ እጭ ሊኖር ይችላል። ግመልም ሐላል ነው፤ ያልፈላ ወተቱ ግን ብሩሴሎሲስን ሊያስተላልፍ ይችላል። እነዚህን በሽታዎች የሚከላከለው የሥጋ ምርመራ፣ ማብሰልና ማፍላት ነው። የኮሶና የትሪኪኔላ እጮች ሥጋው እስከ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ይሞታሉ።

እንግዲህ ሐላል ሥጋ የሚበላም ሆነ የማይበላ ተማሪ ሊይዛቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች አንድ ናቸው፦ ያልተመረመረ ሥጋ አለመብላት፣ በሚገባ ማብሰል፣ ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ ቤት መልስ እጅን በሳሙና መታጠብ። በድንገት የሞተ ከብት ስናይም ሳንከፍተው ለእንስሳት ሐኪም እናሳውቅ።