የሙዚቃ ቡድኖች የትርኢት ጉዞ እንደ ታሪክ ምንጭ፦ ከወሊሶ እስከ ዋሽንግተን

መግቢያ

ዘመናዊውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሚመለከቱ ጥናቶች በአብዛኛው በሸክላና በካሴት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሸክላ አሳታሚው ይታወቃል፤ የዘፋኙ ስም ተጽፎበታል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም ተመልሶ ይደመጣል። በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወጣው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ እትምም ይህንኑ የጥናት መንገድ አጠናክሮታል። ይሁን እንጂ ሸክላ የሚመሰክረው በአንድ ዕለት በቀረጻ ክፍል ውስጥ የተከናወነውን ብቻ ነው። ቡድኑ በምን ተሳስሮ እንደቆመና በምን ምክንያት እንደተበተነ ከሸክላ ማወቅ አይቻልም።

ይህ አጭር ጽሑፍ፣ አንድ የሙዚቃ ቡድን ትርኢት ለማቅረብ ወደ ሌላ ከተማ የሚያደርገው ጉዞ ይህንን የተሰወረ ትስስር የሚገልጥ የታሪክ ምንጭ ነው ሲል ይከራከራል። ለዚህም ሦስት ጥያቄዎችን ያቀርባል፦ መሣሪያው የማን ነበር? ጥሪው ከማን መጣ? ከሄዱት መካከል ማን ተመለሰ?

ከአዝማሪ ወደ ባንድ

ሙዚቀኛ ከአገር አገር መዘዋወሩ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዘዋወር ኖሯል። መሣሪያው የራሱ ነው፤ በትከሻው ይሸከመዋል። ጥሪውም ከደጋሹ ይመጣል፤ ካልተጠራም ራሱ ይሄዳል። ስለዚህ ጉዞው የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ጉዞው ራሱ ሥራው ነው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተደራጁት ቡድኖች ግን በሌላ ሥርዓት ውስጥ ነበሩ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች መሣሪያቸውንም ደንብ ልብሳቸውንም ደመወዛቸውንም ያገኙት ከተቋማቸው ነበር። ለእነርሱ ወደ ክፍለ ሀገር መሄድ ማለት የታዘዙበትን ግዳጅ መፈጸም ማለት ነበር። ቆየት ብለው በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች የተቋቋሙት ቡድኖችም ቢሆኑ ኦርጋኑ፣ ከበሮውና የድምፅ ማጉያው ብዙውን ጊዜ የቤቱ ባለቤት ንብረት ነበር። ሙዚቀኛው ቤቱን ለቆ ሲወጣ ችሎታውን ይዞ ይወጣል፤ መሣሪያው ግን እዚያው ይቀራል። እንዲህ ባለ ሁኔታ «ባንድ» የሚለው ስም የሰዎችን ስብስብ ብቻ ሳይሆን የቤቱንና የመሣሪያውን ትስስር ጭምር ያመለክታል።

ወሊሶ፦ ጉዞው ያፈራው ተመልካች

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ ኋላም ቲያትር ቤቱ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ እየተዘዋወረ ትርኢት ያቀርብ ነበር። ከእነዚህ ጉዞዎች መካከል በሙዚቃ ታሪካችን ጎልቶ የሚጠቀሰው ወደ ወሊሶ የተደረገው ነው። ጥላሁን ገሠሠ ገና ተማሪ ሳለ ንጋቷ ከልካይንና ኢዮኤል ዮሐንስን ጨምሮ የሀገር ፍቅር ባለሙያዎች በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ትርኢት አቀረቡ። ልጁ ለሙዚቃ ያለውን ፍቅር ለእንግዶቹ ገለጸላቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱን ትቶ ወደ አዲስ አበባ አመራ፤ በሀገር ፍቅርም ተቀጠረ።

ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የታላቅ ድምፃዊ የልጅነት ገጠመኝ ተደርጎ ነው። ከጉዞው አንጻር ሲታይ ግን ሌላ ትርጉም ይሰጣል። መሣሪያው የቲያትር ቤቱ ነው፤ ጉዞውም የተቋሙ ነው፤ ተጓዦቹም ወደ መጡበት ተመልሰዋል። ይሁንና ጉዞው ሁለት አቅጣጫ ነበረው። ቡድኑ ከመዲናዋ ወደ አውራጃ ከተማ ሙዚቃ ወሰደ፤ ከአውራጃው ከተማ ደግሞ ወደ መዲናዋ ሰው መጣ። ለአንድ ቀን በትምህርት ቤት ውስጥ የቀረበ ትርኢት በየትኛውም ሸክላ ላይ አልተመዘገበም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ ሸክላዎች ያለ እርሱ ባልኖሩ ነበር።

ዋሽንግተን፦ የዋልያስ ባንድ ጉዞ

የዋልያስ ባንድ ሁኔታ ከሌሎቹ ይለያል። አባላቱ የራሳቸው መሣሪያ ስለነበራቸው ለአንድ ቤት ብቻ የታሰሩ አልነበሩም። በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለረጅም ጊዜ ሲጫወቱም በዚሁ አቅም ተደራድረው የሚሠሩ ነበሩ። ዘመኑ ግን ለጉዞ የማይመች ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የታወጀው ሰዓት እላፊ የምሽት መዝናኛን ወደ ዝግ አዳራሽ ወሰደው፤ ወደ ሆቴል የገባ ታዳሚ ሌሊቱን በሙዚቃ አሳልፎ ሲነጋ ይወጣ ነበር። ከአገር ለመውጣትም የመንግሥት የመውጫ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ከማህሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። በአሜሪካ ትርኢቱን ያቀረበ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ ተብሎ ይታወቃል። ታዳሚው በአብዛኛው በስደት የወጣው ኢትዮጵያዊ ነበር። ስለዚህ ባንዱ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሄዶ ያገኘው የራሱን የቀድሞ ታዳሚ ነው። ልዩነቱ፣ ይህ ታዳሚ ወደ ሂልተን የሚመለስበት መንገድ ያልነበረው መሆኑ ነው።

ትርኢቶቹ ሲያበቁ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ከፊሉ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነና ሞገስ ሀብቴን ጨምሮ ሌሎቹ በአሜሪካ ቀሩ። ከቀሩት አንዳንዶቹ ዙላ በሚባል ባንድ ጥቂት ዓመታት ተጫወቱ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ካሴት አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን ራሱ ተጫውቶ ደራርቦ ቀረጸ፤ የከበሮውንም ቦታ የምት ማሽን ያዘው። ይህ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ ሲታተም ዓለም አቀፍ አድማጭ አገኘ። በእነዚህ ዓመታት መካከል ሙዚቀኛው በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እያሽከረከረ ይተዳደር ነበር፤ በእረፍት ሰዓቱ የሚለማመድበትን ኪቦርድም በመኪናው ይዞ ይዞር ነበር።

የ1985ቱን ሥራ በድምፁ ብቻ የሚመረምር ተመራማሪ አዲስ የአቀራረብ ስልት ያገኝበታል። የጉዞውን ታሪክ አክሎ የሚመረምር ደግሞ ስልቱ ከምን እንደተወለደ ይረዳል፦ በርካታ ሰዎች ይጋሩት የነበረውን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን እንዲሸከም ያደረገው ከአራት ዓመት በፊት የተደረገ የትርኢት ጉዞ ነው። በውበት ምርጫነት ብቻ ሊተረጎም የሚችለው ነገር የመለያየትም ውጤት ነው።

ማጠቃለያ

ከሁለቱ ጉዞዎች የምንረዳው፣ የትርኢት ጉዞ ውጤት በመድረኩ ምሽት ብቻ የማይለካ መሆኑን ነው። የወሊሶው ጉዞ ተቋሙን አጠናከረ፤ የአሜሪካው ጉዞ ባንዱን ከፈለ። የመጀመሪያው ቡድን በተቋም መሣሪያ፣ በተቋም ደመወዝና በተቋም ትእዛዝ የተሳሰረ ስለነበር ሄዶ ተመለሰ። ሁለተኛው የራሱ መሣሪያና የራሱ ነፃነት ነበረው፤ ይኸው ነፃነት ለጉዞው አበቃው። ሆኖም አባላቱን ወደ አዲስ አበባ የሚመልስ ተቋማዊ ግዴታ አልነበረም፤ የአገሪቱም ሁኔታ መመለስን አጠያያቂ አድርጎት ነበር።

በዚህ ዘርፍ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ተግባራዊ አንድምታው የምንጭ ምርጫን ይመለከታል። የጉዞ ትእዛዞች፣ የውሎ አበል መክፈያዎች፣ ከሆቴሎች ጋር የተደረጉ ውሎች፣ የመውጫ ፈቃድ ማመልከቻዎች፣ የትርኢት ማስታወቂያዎችና የመግቢያ ትኬቶች ከሸክላው እኩል ሊሰበሰቡና ሊመረመሩ ይገባል። በቃለ መጠይቅም «ምን ተጫወታችሁ?» ከሚለው በፊት «መሣሪያው በምን ተጫነ? ወጪውን ማን ከፈለ? ማን ቀረ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል፤ የቡድኑ አሠራር የሚገለጠው በእነዚህ ዝርዝሮች ነውና።

ሥራው ጊዜ አይሰጥም። በ2013 ዓ.ም. ብቻ አሳታሚው አምሃ እሸቴና ድምፃዊው አለማየሁ እሸቴ አርፈዋል። ሸክላዎቻቸው አሉ፤ በድጋሚም ይታተማሉ። የጉዞው ታሪክ ግን ተጽፎ ካልተቀመጠ የሚኖረው በተጓዦቹ ትውስታ ውስጥ ብቻ ነው።