አሮጌ ላፕቶፕን ስለ ማደስ፤ ፕሮሰሰር ከመለወጥ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

በዛሬው ጊዜ አንድ ተማሪ ያለ ላፕቶፕ ትምህርቱን በሚገባ ለመከታተል እንደሚቸገር ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎቻችን የያዝነው ማሽን ከሌላ ሰው እጅ የመጣ፣ ዕድሜው ከዐሥር ዓመት ያለፈ፣ ድሮም ሲገዛ በርካሽነቱ የተመረጠ ነው። ማሽኑ ሲንቀራፈፍብን ወዲያው የምንለው «ፕሮሰሰሩ ደክሟልና ይለወጥ» ነው። እኛም በአንድ ክፍል የምናድር አራት የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ይህንኑ ብለን፣ ይህንኑም አድርገን፣ በገንዘባችን ተምረናል። በገንዘብ የተገዛ ትምህርት ለጓደኛ ካልተካፈለ ኪሳራው እጥፍ ነውና ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ደፈርን። የመሐንዲስነት ሞያ የለንም፤ የምንጽፈው በእጃችን የሠራነውንና ከሠራን በኋላ መርምረን የተረዳነውን ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአራታችን አንዱ የታሪክ ተማሪ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚፈልጋቸውን የቆዩ የአማርኛ ጋዜጣ ገጾች በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ነበርና፣ ቴሰራክት በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ ሊለውጣቸው አሰበ። ይህ ፕሮግራም የአማርኛን ፊደል ያነባል። በአራታችን መዋጮ የተገዛው ላፕቶፕ ግን ተከፍቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ድረስ ሻይ ጠጥተን የምንመለስበት ነበር፤ ጥቂት ገጾች ለማንበብም ሌሊቱን ሙሉ ያጓራ ነበር። ጽሑፉ ለመምህሩ የሚሰጥበት ቀን ሦስት ሳምንት ሲቀረው እንደገና ገንዘብ አዋጣን። አንዱ ጓደኛችን ጫማ የሚገዛበትን ሰጠ።

በማሽኑ ውስጥ የነበረው ፕሮሰሰር ፔንቲየም ቢ950 ይባላል። ኢንቴል በ2011 እ.ኤ.አ. ለርካሽ ላፕቶፖች ካወጣቸው አንዱ ነው። እኛ ደግሞ አዲሱ ሁልጊዜ ከአሮጌው ይበልጣል በማለት፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኮር አይ5-3210ኤም ገዛን። የእግሩ ቁጥር ያው 988 ነበርና በሶኬቱ ላይ ልክ ተቀመጠ። መክፈቻውን ስንጫን መብራቱ በራ፤ ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን እንደ ጠቆረ ቀረ። ጠበቅን፤ አጥፍተን አበራን፤ ለውጥ የለም። የታሪክ ተማሪው ጓደኛችን አንድ ቃል ሳይናገር አልጋው ላይ ተቀመጠ። የድሮውን ፕሮሰሰር መልሰን ስናስገባው ማሽኑ ስለ ተነሣ እግዚአብሔርን አመሰገንን።

በማግስቱ ነገሩን ለአንድ የምሕንድስና ተማሪ ስንነግረው፣ «ለመሆኑ ማሽኑን ያዘገየው ፕሮሰሰሩ መሆኑን በምን ዐወቃችሁ?» ሲል ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ የሚቆመው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

1ኛ፤ የዘገየው ማን ነው?

አንድን የወፍጮ ቤት እናስብ። ጎተራው እህሉ የሚከማችበት ነው፤ ከወፍጮው አጠገብ የተዘረጋው ምንጣፍ ለመፈጨት የቀረበው እህል የሚቆይበት ነው፤ ወፍጮው ደግሞ ፈጪው ነው። በላፕቶፕ ውስጥ ጎተራው ሃርድ ዲስክ፣ ምንጣፉ ራም፣ ወፍጮው ፕሮሰሰር ነው። እህሉን ከጎተራ የምታመላልሰው አህያ አንካሳ ከሆነች ፈጣን ወፍጮ መትከል ምን ይጠቅማል? ወፍጮው ባዶውን ይዞራል እንጂ ዱቄቱ አይበዛም። ምንጣፉም ጠባብ ከሆነ እህሉ ሳይፈጭ ወደ ጎተራ ይመለሳል፤ አህያዪቱም በከንቱ ትደክማለች።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ዊንዶውስ ባለበት ማሽን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ብንጫን ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ማሽኑ በተንቀራፈፈበት ሰዓት ዲስኩ 100 ከመቶ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ዝቅ ብሎ ከታየ ጥፋተኛው ዲስኩ ነው። ራሙ እስከ አፉ ሞልቶ ከታየ ጥፋተኛው የራሙ ማነስ ነው። ፕሮሰሰሩ ለብዙ ጊዜ 100 ከመቶ ላይ ከቆመ ብቻ ፕሮሰሰሩን መክሰስ ይገባል።

እኛ ስንለካ ያገኘነው ሁለት ዓይነት መልስ ነው። ማሽኑ ሲከፈትና የጽሑፍ ፕሮግራም ሲነሣ የሚያስጠብቀው ዲስኩ ነበር። ቴሰራክት ገጽ ሲያነብ ግን ዲስኩ ዝም ብሎ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ይጨነቅ ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ተጠያቂዎች ነበሩ፤ የዕለት ተዕለት ሥራችንን የሚያጓትተው ግን ዲስኩ ነበር። እኛ የጀመርነው ከመጨረሻው ነው።

በእኛ አስተያየት ተራው እንዲህ መሆን አለበት። በመጀመሪያ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መለወጥ፤ የዚያ ዘመን ላፕቶፕ ባለ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ ስለሚቀበል ሥራው የጥቂት ብሎኖች ጉዳይ ነው። ቀጥሎ ራሙን መጨመር፤ ነገር ግን ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ ቢጨመርለት እንደማይጠቀምበት ማስታወስ ያስፈልጋል። ፕሮሰሰሩ የሚመጣው ከሁለቱ በኋላ ነው።

2ኛ፤ የሚወጣ ነው ወይስ የተበየደ?

ሁሉም ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩን እንድንለውጥ አይፈቅድም። አንዳንዱ ፕሮሰሰር በሶኬት ላይ ተቀምጦ በአንድ ብሎን ይቆለፋል፤ ይህ ይወጣል። ሌላው በቀጥታ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ይህን በክፍላችን ውስጥ እናወጣለን ማለት ዘበት ነው። ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ይነግረናል። ለ2011 እ.ኤ.አ. ትውልድ በፓኬጅ መስመር ላይ «988ቢ አርፒጂኤ» ካለ የሚወጣ ነው፤ «1023 ቢጂኤ» ካለ የተበየደ ነው።

በስሙ መጨረሻ ባለው ፊደል ብቻ መታመን ያሳስታል። በዚያው ትውልድ ኮር አይ5-2520ኤም በሶኬት የሚቀመጥ ሆኖ ይገኛል፤ ኮር አይ5-2467ኤም ደግሞ ያንኑ «ኤም» ይዞ በ17 ዋት የሚሠራና የተበየደ ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ትውልዶች «ዩ» የሚል ፊደል ያለው የተበየደ መሆኑን ማወቅ ይበቃል።

ይህ በር ለዘለዓለም የተከፈተ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ኢንቴል ለላፕቶፕ ባለ ሶኬት ፕሮሰሰር ያወጣበት የመጨረሻው ትውልድ በ2013 እ.ኤ.አ. የመጣው ሃስዌል የተባለው አራተኛው ትውልድ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች የሚበየዱ ሆኑ። ማሽኑ እየሳሳ እንዲሄድ ስለተፈለገ ሶኬቱ ቦታ አጣ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ላፕቶፕ የያዘ ጓደኛችን ስለ ፕሮሰሰር መለወጥ ባያስብ ይሻለዋል፤ ስለ ዲስክና ስለ ራም ያልነው ግን ለብዙዎቹ ማሽኖች ይሠራል።

3ኛ፤ የትኛው ይስማማዋል?

ሶኬት መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ሦስት ነገሮች መስማማት አለባቸው።

ሀ/ ሶኬቱ። የ2009 እ.ኤ.አ. ሶኬት ጂ1 እና የ2011 እ.ኤ.አ. ሶኬት ጂ2 ሁለቱም 988 የሚል ቁጥር አላቸው፤ ነገር ግን የአንዱ ፕሮሰሰር በሌላው አይሠራም። የቁጥር መመሳሰል ዝምድና አይደለም።

ለ/ ባዮሱ። ባዮስ ማለት ማሽኑ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚሠራውና የውስጥ ዕቃዎቹን የሚያስተዋውቀው ፕሮግራም ነው። የማያውቀውን ፕሮሰሰር አያስነሣም። እኛ የወደቅነው እዚህ ላይ ነው። የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮች በአንድ ዓይነት ሶኬት ይቀመጣሉ፤ የእኛ ማሽን ባዮስ ግን የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነበር፤ ሦስተኛውን የሚያስተምረው አዲስ ባዮስም አልወጣለትም። ስለዚህ ከሁሉ የሚታመነው መንገድ ያው የማሽኑ ሞዴል በፋብሪካ ሳለ ከየትኞቹ ፕሮሰሰሮች ጋር ይሸጥ እንደነበር መፈለግና ከእነዚያ መካከል መምረጥ ነው።

ሐ/ ዋቱ። ፔንቲየም ቢ950 የ35 ዋት ነው። ኮር አይ5-2520ኤም ደግሞ ይህንኑ 35 ዋት ይዞ የበለጠ ይሠራል። ባለ አራት ኮሩ አይ7-2630ኪውኤም ግን 45 ዋት ነው። ለ35 ዋት የተሠራ የመዳብ ቱቦና ማራገቢያ ያንን ሙቀት ማውጣት ስለሚያቅተው፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ባልታሰበ ሙቀት ማሽን ከማቃጠል በዋት እኩያውን መምረጥ ብልኅነት ነው።

4ኛ፤ አሠራሩ

የተሳሳተውን ፕሮሰሰር ሻጩ በግማሽ ዋጋ መልሶ ስለ ተቀበለን ኮር አይ5-2520ኤም ገዛን። የሠራነውም በዚህ ተራ ነው።

ከሁሉ በፊት ጽሑፎቻችንን ሁሉ በፍላሽ ገለበጥን። ቀጥሎ የመዳቡ ቅባት እንዲላላ ማሽኑን ጥቂት አሠርተን አጠፋነው፤ ቻርጀሩን ነቀልን፤ ባትሪውን አወጣን፤ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲያልቅ መክፈቻውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነን ያዝን። ከሰውነታችን የሚወጣው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ ያልተቀባ ብረት ነካን።

የጀርባውን ክዳን ስንፈታ እያንዳንዱን ብሎን የማሽኑ ሥዕል በተሣለበት ወረቀት ላይ በየቦታው አስቀመጥን። የማራገቢያውን ገመድ ነቅለን፣ የመዳቡን ቱቦ ብሎኖች በላያቸው ከተጻፈው ቁጥር ከኋላ ወደ ፊት ጥቂት በጥቂት አላላን። ቱቦው ተጣብቆ እንቢ ሲል በኀይል አልሳብንም፤ ቀስ ብለን ግራና ቀኝ አወዛወዝነው።

በሶኬቱ ጎን ያለውን ብሎን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ግማሽ ዙር ወደ ተከፈተው ቁልፍ ምልክት ስናዞረው ፕሮሰሰሩ ተለቀቀ፤ ቀጥ አድርገን አነሣነው። አዲሱን ስናስቀምጥ በማዕዘኑ ያለውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር አገናኘን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወስ፤ ፕሮሰሰሩ በራሱ ክብደት መግባት አለበት እንጂ በጣት መጫን የለበትም። አልገባ ካለ አቅጣጫው ተሳስቷል፤ ወይም እግሩ ተጣሟል። ከገባ በኋላ ብሎኑን ወደ ተዘጋው ምልክት መለስን።

የደረቀውን ቅባት በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጠረግን። በፕሮሰሰሩ መካከል ባለው አንጸባራቂ ክፍል ላይ የሩዝ ቅንጣት የሚያህል አዲስ ቴርማል ፔስት አደረግን፤ ማብዛቱ አይጠቅምም። ቱቦውን መልሰን ብሎኖቹን አሁን ከ1 ጀምሮ በቁጥራቸው ተራ አጠበቅን፤ የማራገቢያውንም ገመድ አልረሳንም። ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ሳንዘጋ ለኮስነው። ስክሪኑ በራ።

5ኛ፤ ያገኘነውና ያላገኘነው

ፔንቲየም ቢ950 ሁለት ኮር ይዞ በ2.1 ጊጋኸርዝ ብቻ ይሠራል። አዲሱም ኮሩ ሁለት ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ኮር ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ፍጥነቱም ከ2.5 ተነሥቶ ሲያስፈልግ እስከ 3.2 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ከዚህም በላይ ኤቪኤክስ የሚባለውንና ፔንቲየሙ የሌለውን የትእዛዝ ስብስብ ያውቃል፤ ቴሰራክትም ይህን ሲያገኝ ይጠቀምበታል። ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅ የነበረው የገጽ ንባብ ከመንፈቀ ሌሊት በፊት ማለቅ ጀመረ። ጓደኛችንም ጽሑፉን ሊያስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረው ጨረሰ።

የማሽኑ አከፋፈት ግን በፕሮሰሰሩ ለውጥ እምብዛም አልፈጠነም። ሻይ ጠጥተን የምንመለስበትን ጊዜ ያስቀረልን ቆይተን ያስገባነው ኤስኤስዲ ነው። በዊንዶውስ በኩልም ያገኘነው መፍትሔ የለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት ወር 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የ2011 እ.ኤ.አ. ፕሮሰሰርን፣ አይ5ም ቢሆን፣ በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ ማሽናችንን ወደ ሊኑክስ መልሰነዋል፤ ቴሰራክትም በዚያ ይሠራል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናስተላልፈው ምክር አጭር ነው። ካቻቢቴ ከማንሣታችን በፊት እንለካ፤ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት እንጠይቅ። የእኛ ስሕተት ድፍረት ማጣት አልነበረም፤ ሳይመረምሩ መድፈር ነበር። በክፍል ውስጥ ማስረጃ የሌለው ጽሑፍ ስናቀርብ መምህራኖቻችን በቀይ ቀለም እንደሚያርሙን፣ ማሽኑም ያለ ማስረጃ የገዛነውን ዕቃ በጥቁር ስክሪን አርሞልናል። ጫማውን ያልገዛው ወንድማችን እስከ አሁን በአሮጌው ጫማ ነው። ይህን ያነበበ ሌላ ተማሪ ጫማውን ቢያተርፍ ድካማችን በከንቱ አልቀረም እንላለን።