ያገለገለ ካሜራ በኢንተርኔት ሐራጅ፦ ሻጭ የሚናገረው፣ ገዢ የሚጠይቀው



የግዢና ሽያጭን ፊቅህ ስንማር ኪታቦቹ የሚያነሱልን ምሳሌ በአብዛኛው ስንዴ፣ ቴምርና ግመል ነው። ከትምህርቱ ስንወጣ ግን የምንገዛውም የምንሸጠውም በእጃችን ባለው ስልክ ነው። በዚህ እትም ሁለቱን ለማገናኘት አንድ የተወሰነ ዕቃ መርጠናል፤ በኢንተርኔት ሐራጅ የሚሸጥ ያገለገለ የፊልም ካሜራ። ፎቶግራፍ የሚወዱ ጓደኞቻችን የሚመኙት ዕቃ ነው። ለትምህርታችንም ይስማማል፤ ዕድሜው የገፋ፣ ውስጡ የማይታይ፣ ገዢው በእጁ ሳይነካው ገንዘብ የሚከፍልበት ነውና። ስለ ፎቶግራፍ ሑክም በዑለማዎች መካከል ያለው ልዩነት ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

ዕቃው ምንድን ነው?

ሚድየም ፎርማት የሚባለው ካሜራ 120 የሚል መለያ ባለው ሰፊ ጥቅል ፊልም ይሠራል። በተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ አንድ ፎቶ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ይይዛል። ስድስት በስድስት በሚባለው የሚድየም ፎርማት ዓይነት ግን 56 በ56 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በስፋት ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ፎቶው ተልቆ ሲታተም ጥራቱን የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ አንድ ጥቅል የሚሰጠው 12 ፎቶ ብቻ ነው። ከታወቁት መካከል የስዊድኑ ሐሰልብላድ፣ የጃፓኖቹ ማሚያ፣ ብሮኒካና ያሺካ ይገኛሉ።

ለምሳሌ እንዲሆነን ያሺካ ማት 124ጂ የተባለውን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1986 የተመረተ ሲሆን፣ አንዱ ለማያ ሌላው ለማንሻ የሚያገለግሉ ሁለት ሌንሶች አሉት። የመጨረሻው እንኳ ከፋብሪካ ከወጣ 40 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ስለዚህ ዛሬ በኢቤይና በመሳሰሉት ገበያዎች የሚገኘው ሁሉ ከአንድ በላይ ባለቤት አልፎበት፣ ወይም ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የወጣ ነው።

ሐራጅ ይፈቀዳል?

ሐራጅ የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው። በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ደግሞ በይዑል ሙዛየዳ ይባላል፤ እየተጨመረበት የሚካሄድ ሽያጭ ማለት ነው። ጥያቄ የሚፈጥረው፣ ሙስሊም ወንድሙ በሚገበያይበት ላይ ገብቶ እንዳይገበያይ የሚከለክለው ሐዲስ ነው። ዑለማዎች እንዳብራሩት ይህ ክልከላ የሚመለከተው ሻጭና ገዢ በዋጋ ተስማምተው ሊጨርሱ ሲሉ መሐል የሚገባውን ነው። በሐራጅ ግን ሻጩ ገና ከማንም ጋር አልተስማማም፤ ጨምሩ እያለ ነው።

ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ነው። አንድ የአንሷር ሰው እርዳታ ፈልጎ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። በቤቱ የነበረው አንድ ጨርቅና አንድ የውሃ መጠጫ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለቱን አስመጥተው ለሰዎች አቀረቡ። አንዱ በአንድ ዲርሃም እወስዳለሁ አለ። የሚጨምር ካለ ደጋግመው ጠየቁ፤ ሌላው ሁለት ዲርሃም ሲያቀርብ ለእሱ ሸጡለት። ባለቤቱንም በአንዱ ዲርሃም ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛና እንጨት እየሸጠ እንዲተዳደር አዘዙት። አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል። በሰነዱ ላይ የተናገሩ ሙሐዲሶች ቢኖሩም፣ አብዛኞቹ ዑለማዎች ሐራጅ የተፈቀደ መሆኑን ይዘዋል።

እንግዲህ መጫረቱ ችግር የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ዕቃው ላይ ካለውና ከሚደበቀው ነው።

እንከን የሚባለው የቱ ነው?

የሻፊዒይ ዑለማዎች እንከንን (ዐይብ) ሲተረጉሙ ሦስት ነገር ያነሳሉ። የዕቃውን አካል ወይም ዋጋ ይቀንሳል፤ በዚህም ገዢው የፈለገው ትክክለኛ ዓላማ ይቀርበታል፤ በዚያ ዓይነት ዕቃ ላይም በአብዛኛው የማይገኝ ነው። ይህ ትርጉም ላረጀ ካሜራ በሚገባ ያገለግላል። የ40 ዓመት ካሜራ ቀለሙ ጠርዝ ጠርዙን መላጡ ከዕድሜው የሚጠበቅ ነው፤ ፎቶውንም አይነካም። የሚከተሉት ግን ሌላ ናቸው።

አንደኛ፣ በሌንሱ ውስጥ የበቀለ ሻጋታ። እርጥበት ባለበት የተቀመጠ ሌንስ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ይዘረጋል፤ ከቆየ የሌንሱን ቅብ ይበላል።

ሁለተኛ፣ የዘገየ ሻተር። በውስጡ ያለው ቅባት በዕድሜ ብዛት ስለሚደርቅ፣ አንድ ሰከንድ የተባለው ሁለት ሰከንድ ሊቆይ ይችላል። ፎቶው ከሚገባው በላይ ብርሃን ይገባበታል።

ሦስተኛ፣ በፊልሙ ክፍል ዙሪያ ብርሃን የሚከለክለው ስፖንጅ። በጊዜ ብዛት ይሟሽሻል፤ ብርሃን ገብቶ ፊልሙን ያበላሻል።

አራተኛ፣ የፊልም መጠቅለያው። ጥርሶቹ ከተበሉ ፎቶዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባሉ። ይህ በአብዛኛው የሚታወቀው ፊልም ተነስቶበት ሲታጠብ ነው።

እነዚህን የሚያውቅ ሻጭ የመናገር ግዴታ አለበት። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስጠነቀቁ። ሰውየው በቃሉ አልዋሸም ነበር፤ እርጥቡን ከታች ማድረጉ ብቻ በቂ ሆነ። የሻጋታውን ጎን ሳያሳዩ የሚያብረቀርቀውን ጎን ብቻ ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ከዚህ በምን ይለያል?

“አልተሞከረም” የሚለው ቃል

በኢንተርኔት ሐራጅ ላይ በብዛት የምናነበው ማስታወቂያ፣ ካሜራው አልተሞከረም፣ ባለበት ሁኔታ ይሸጣል፣ አይመለስም የሚል ነው። ሻጩ በእርግጥ የማያውቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከሟች አያቱ ቤት ያገኘው ከሆነ፣ እውነቱን ተናግሯል። ሞክሮት እንደማይሠራ ካወቀ በኋላ “አልተሞከረም” ብሎ ከጻፈስ?

ኢማም ማሊክ በሙወጦእ ውስጥ ያሰፈሩት አንድ ፍርድ መልሱን ያሳየናል። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) በዚያ ዘመን እንደነበረው አንድ ባሪያ፣ ለሚገኝበት እንከን ተጠያቂ እንዳይሆኑ ቅድመ ሁኔታ አድርገው በ800 ዲርሃም ሸጡ። ገዢው ያልተነገረኝ በሽታ አለበት ሲል ከሰሰ፤ ጉዳዩም ወደ ኸሊፋው ዑሥማን (ረ.ዐ.) ደረሰ። ዑሥማን (ረ.ዐ.) ኢብኑ ዑመር ሲሸጡ የሚያውቁት በሽታ እንዳልነበረ እንዲምሉ ፈረዱ። ኢብኑ ዑመር መማልን ትተው መልሰው ተቀበሉት። በእሳቸው ዘንድም ዳነ፤ በኋላ በ1500 ዲርሃም ተሸጠ።

ፍርዱን ልብ እንበለው። ዑሥማን (ረ.ዐ.) ቅድመ ሁኔታው ተጽፏልና ጉዳዩ አልቋል አላሉም፤ ሻጩ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁ። መዝሀቦች በዝርዝሩ ይለያያሉ፤ ሐነፊዮች እንዲህ ያለውን ቅድመ ሁኔታ ሰፋ አድርገው ሲቀበሉ፣ ሻፊዒዮች በጣም ያጠቡታል። የሚያውቁትን እንከን ደብቆ ገዢን ማታለል ሐራም ስለመሆኑ ግን ልዩነት የለም።

እንከን መናገር ገበያ ይዘጋል የሚል ሰው የኢቤይን ጅማሬ ይስማ። ፒየር ኦሚድያር እ.ኤ.አ. በ1995 ገበያውን ሲከፍት መጀመሪያ ተሸጠ የሚባለው ዕቃ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነው፤ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ሄደ። ኦሚድያር መሰበሩን ተረድቶ እንደሆነ ገዢውን ሲጠይቀው፣ የተሰበሩትን እንደሚሰበስብ መለሰለት። እንከኑ ተነግሮም ፈላጊ አላጣም።

ገዢ ምን ያድርግ?

ሻጭ የመናገር ግዴታ ቢኖርበትም፣ ገዢ ገንዘቡን የመጠበቅ አማና አለበት። ከመጫረቱ በፊት እነዚህን ይጠይቅ፦

በቅርቡ ፊልም ተነስቶበታል? ውጤቱን ማየት ይቻላል? በሌንሱ ውስጥ ባትሪ እየበራ የተነሳ ፎቶ አለ? ሻተሩ በአንድ ሰከንድ ላይ ሆኖ ሲተኮስ የሚያሳይ ቪዲዮ ይላካል? የብርሃን መለኪያው ይሠራል ሲባል መርፌው ይንቀሳቀሳል ማለት ነው ወይስ በትክክል ያነባል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የያሺካ 124ጂ መለኪያ የተሠራው ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ ያ ባትሪ ዛሬ አይመረትም። በምትኩ የሚገባው 1.5 ቮልት ባትሪ መርፌውን ያንቀሳቅሰዋል፤ ንባቡ ግን ሊያሳስት ይችላል።

መልስ የማይሰጥ ሻጭ ካጋጠመ መተው ይሻላል። “አልተሞከረም” የተባለውን መግዛት የሚፈልግም እንደማይሠራ ቆጥሮ፣ ለመለዋወጫ የሚሆነውን ዋጋ ብቻ ያቅርብ፤ የተሰጠው ተስፋ ከዚያ አይበልጥምና።

ዋጋውንም አስቀድሞ ይወስን። ሻጮች የሚጠሩትን ሳይሆን ተመሳሳዩ ካሜራ በእርግጥ የተሸጠበትን ይመልከት፤ ከዚያ ላይ የመላኪያ፣ የቀረጥና የጥገና ወጪን ይቀንስ። ኢቤይ ላይ ከፍተኛውን ዋጋ አንድ ጊዜ ካስገቡ፣ ሥርዓቱ ሌላ ተጫራች ሲመጣ ብቻ በትንሽ በትንሹ ይጨምርልዎታል። ከዚያ በኋላ በእልህ መጨመር ከዕቃው ጋር ግንኙነት የለውም። በወለድ ካርድ ተበድሮ መጫረት ደግሞ ሐላሉን ግዢ በሪባ ማበላሸት ነው።

ነጅሽ፦ የሐሰት ተጫራች

ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነጅሽን ከልክለዋል። ነጅሽ ማለት መግዛት ሳይፈልጉ ሌላውን ለማሳሳት ዋጋ መጨመር ነው። በኢንተርኔት ሻጩ ራሱ በሌላ ስም፣ ወይም ጓደኛው “ለማሟሟቅ” ሲጫረት ይህ ነው። የገበያዎቹ ደንብም ይከለክለዋል። ሽያጩ በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ባይፈርስም ኃጢአቱ በሠሪው ላይ ነው፤ ማሊኪዮች፣ ሐንበሊዮችም ጉዳቱ ከልማድ ሲያልፍ፣ ለተታለለው የመመለስ መብት ይሰጡታል።

ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባደረገው ጉባኤ ስለ ሐራጅ ሲወስን፣ ከእውነታው ጋር የማይገጥም ከፍ ያለ መግለጫ በማስታወቂያ እያወጡ ዋጋ ማስወደድንም ከነጅሽ ዓይነቶች ቆጥሮታል። ሻጋታ ያለበትን ሌንስ “እንደ አዲስ” ብሎ የሚጽፍ ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ዕቃው ሲደርስ

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ዕቃ የምናስገዛው ውጭ ባለ ዘመድ በኩል ነው። እሱ ወኪላችን ነው፤ የሚረከበውም ስለ እኛ ነው። ሳጥኑን ሳይከፍት ለወራት ካስቀመጠው፣ ገበያው ለአቤቱታ የሰጠው ቀን ያልፋል። ስለዚህ እንደደረሰው ከፍቶ እንዲያይና ፎቶ እንዲልክ አደራ እንበለው። እንከን ሲገኝም ወዲያው ማሳወቅ ይገባል፤ እንከኑን ካወቁ በኋላ እንደ ባለቤት መጠቀም የመመለስ መብትን ያስቀራል። ከመመለስ በፊት “አንድ ሁለት ፊልም ልጨርስበት” ማለት አይሠራም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

አብዛኞቻችን ሐሰልብላድ አንገዛም ይሆናል። ስልክና ላፕቶፕ ግን በየሴሚስተሩ በዶርምና በቴሌግራም እንሸጣለን። ባትሪው ግማሽ ቀን የማይቆይ፣ ስክሪኑ የተቀየረ፣ ውሃ ገብቶበት የደረቀ ስልክ ይዘን “ምንም ችግር የለበትም” ማለት ምላስ ላይ ይቀላል። ገዢው ደግሞ ከወር ወጪው ቆጥቦ የመጣ እንደኛው ተማሪ ነው። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ከገለጹ ግብይታቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከዋሹና ከደበቁ ግን በረካው እንደሚጠፋ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። አንድን እንከን በመናገር የምናጣው ጥቂት መቶ ብር በዚህ ሚዛን ይታይ።

ለሐለቃ ውይይት

1. ሻጩ ስለ ካሜራ ምንም የማያውቅ ቢሆንና ሻጋታው በኋላ ቢገኝ፣ በኃጢአትና በመመለስ መብት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. ጓደኛችሁ የሚሸጠውን ስልክ በግሩፕ ላይ “እኔ በዚህ ዋጋ እፈልገዋለሁ” ብላችሁ እንድትጽፉለት ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?
3. ዛሬ ልትሸጡት የምታስቡት ዕቃ ካለ፣ የምታውቁትን እንከን ሁሉ ጽፋችሁ ማስታወቂያውን አዘጋጁ። የትኛውን መስመር መጻፍ ከበዳችሁ?

አላህ ሐላሉን አብቃቅቶ ከሐራም ያርቀን፤ በንግዳችንም በትምህርታችንም በረካ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።