ማኅደሩን ሳትሰፋ መጽሐፉን አታውጣ

ለእህቴ ልጅ፤

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ «አክስቴ፣ ኪንድል ገዛሁ፤ ግን አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየኝ» ስትለኝ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ስለነበር በወጉ አልመለስኩልህም። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ደሴ አማርኛ ሳስተምር አንድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለአንድ ክፍል ተማሪ በተራ ይዞር ነበር። ልጆቹ ሽፋኑን በጋዜጣ ለብደው፣ የተገነጠለውን ገጽ በሙጫ እያጣበቁ ነበር የሚቀባበሉት። ዛሬ አንተ በአንድ መዳፍህ ሺህ መጽሐፍ ይዘህ በኮሎምበስ የክሊቭላንድ አቬኑ አውቶቡስ ወደ ሌሊት ሥራህ ትሄዳለህ። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ በእጄ ካለፉት ሁለት ማንበቢያዎች የተማርኩትን ቁጥር እየሰጠሁ ጻፍኩልህ።

1. መጀመሪያ የያዝከውን ነገር እወቀው። ይህ ስልክ አይደለም፣ ታብሌትም አይደለም። የስልክ ስክሪን ብርሃኑን ወደ ዓይንህ ይረጨዋል፤ ይሄኛው ግን እንደ ወረቀት ነው፣ ያረፈበትን ብርሃን መልሶ ያሳይሃል። በስክሪኑ ውስጥ እንደ ሰው ጸጉር የቀጠኑ እልፍ እንክብሎች አሉ። በየእንክብሉ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች በጠራ ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ተቃራኒ ቻርጅ ስላላቸው ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንዱ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው ይሰምጣል፤ ፊደሉ የሚጻፈው እንዲህ ነው። አንዴ ከተጻፈ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም ከቦታው አይነቃነቅም። ይህን ቀለም ያወጣው ኢ ኢንክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ከኤምአይቲ ቤተ ሙከራ የወጣ ነው፤ የመጀመሪያው ኪንድል ደግሞ ከ10 ዓመት በኋላ በኖቬምበር 2007 ገበያ ላይ ዋለ።

ይህን ካወቅህ ባትሪህን የሚጨርሰው ንባቡ እንዳልሆነ ይገባሃል። የሚበሉት የስክሪኑ መብራትና ዋይፋዩ ናቸው። መጽሐፍህን ካወረድክ በኋላ ዋይፋዩን አጥፋው፤ መብራቱንም ዓይንህ እስከፈቀደ ዝቅ አድርገው። ፀሐይንም አትሽሽ። ከከተማው ዋና ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ቁጥቋጦዎቹን እየከረከሙ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የሴራን ሥዕል በሕይወት ያቆሙበት ቶፒያሪ ፓርክ አለ። በጁን ወር እኩለ ቀን እዚያ ስቀመጥ ስልኬ ጥቁር መስታወት ይሆንብኛል፤ ማንበቢያዬ ግን እንደ ብራና ፍንትው ብሎ ይነበበኛል።

2. ማኅደር አበጅለት። አባቶቻችን ብራናውን ጽፈውና ደጉሰው ሲጨርሱ በቆዳ ማኅደር ይከቱት ነበር። ማኅደሩ ማንገቻ አለው። ዲያቆኑ አንግቶት ተራራ ይወጣል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ሲደርስ ከኩላቡ ላይ ይሰቅለዋል። ከመሬቱ እርጥበትም ከአይጥም የሚተርፈው በዚህ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም እየተነሡ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል የተቀመጡትን፣ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመረመሯቸውን የብራና መጻሕፍት አስብ። ማኅደር ባይኖር ስንቱ ለፎቶ በደረሰ?

ያንተ ማንበቢያም ደካማ ጎን አለው። ከላይ ጠንካራ ቢመስልም ከሥሩ ስስ መስታወት ተነጥፎበታል። የሚሰበረው በመውደቅ ብቻ ሳይሆን በመጨቆንም ነው። የእኔ የመጀመሪያው የተሰበረው ቦርሳ ውስጥ ከምሳ ዕቃዬ ጋር ተጣብቆ ውሎ ነበር። ማታ ስከፍተው ግማሹ ገጽ ያነበብኩት ነው፣ ግማሹ የደረቀ መስመር ነው። ሠሪው አገላብጦ አየውና መጠገኛው ከአዲሱ ዋጋ እንደሚበልጥ ነገረኝ። ያን ዕለት እንደ ሰው ነው ያዘንኩለት። ስለዚህ ደረቅ ሽፋን ግዛ፤ ለስላሳ ከረጢት ከጭረት እንጂ ከጫና አያድንም። ቦርሳህ ውስጥ በጀርባህ በኩል ለብቻው አስቀምጠው፤ ቁልፍና ቴርሞስ ከፊቱ አይግጠሙት። አልጋ ላይ ጥለኸው አትነሣ። ውሃ የሚችሉ አሉ፤ ከ2018 ወዲህ የወጣው ፔፐርዋይት የሚባለው ኪንድል በ2 ሜትር ጥልቀት ውሃ ውስጥ ለ60 ደቂቃ እንዲቆይ ተደርጎ ተሠርቷል። ግን ሁሉም ኪንድል እንዲህ አይደለምና ያንተን ሳታጣራ ዝናብ አታስመታው።

3. የኮሎምበስን ጃንዋሪ አትናቀው። ከደሴ ብርድ ጋር አታወዳድረው፤ ይሄኛው ብረት ይሰብራል። መኪና ውስጥ ያደረ ማንበቢያ ገጹ እየተንቀረፈፈ ይገለጣል፤ ያለፈው ገጽ ጥላም ከአዲሱ ሥር ይታያል። ቀለሙ የሚንሳፈፍበት ፈሳሽ ስለሚከብድ ነው እንጂ አልተበላሸም። አብሽር፤ ሲሞቅ ይመለሳል። የሚያሰጋው ባትሪው ነው። የሊትየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ በማይመለስ ሁኔታ ይጎዳል። ከሌሊት ሺፍት ስትመለስ ቀዝቃዛውን መሣሪያ ወዲያው ሶኬት ላይ አትሰካው። በሽፋኑ እንዳለ ጠረጴዛ ላይ ተወው፣ ቁርስህን ብላ፣ ከዚያ ክፈተው። ከብርድ ወደ ሙቀት ሲገባ ላብ ስለሚያወጣ እርጥበቱም እስኪደርቅ ጊዜ ያገኛል። በጁላይ ደግሞ የመኪናው ዳሽቦርድ ምጣድ ነው፤ እዚያም አይቀመጥ።

4. ባትሪውን ሙጥጥ እስኪል አትጠብቅ። ለብዙ ወር የማትነካው ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልተህ አስቀምጠው።

5. አሁን ወደ ጥያቄህ፣ ወደ አማርኛው። እዚህ ላይ ሦስት ሕመም አለ፤ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

ሳጥን ሳጥን የሚታይህ ከሆነ መጽሐፉ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባሉትን በነፃ አውርድ። ማንበቢያውን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝና «ፎንትስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ክተታቸው። ኪንድል ይህን የፈቀደው በ2018 ነው። ኮቦ የሚባለውን ማንበቢያ የያዘ ጓደኛ ካለህ ፎልደሩን በዚያው ስም ራሱ ይፍጠረው። ከዚያ መጽሐፉን ክፈትና ከፊደል ምርጫው ላይ አዲሱን ፎንት ምረጥ።

የሚታይህ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ፎንት ብቻውን አይፈውሰውም። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች የእኛን ፊደል በላቲኑ ቤት አስገብተው ነበር የሚጽፉት፤ ልማዱም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል። ያ ፕሮግራም በሌለበት ሁሉ የቤቱ ባለቤት ላቲኑ ብቅ ይላል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ከፋይሉ አንድ ቃል ኮፒ አድርግና ቴሌግራም መጻፊያ ላይ ለጥፈው። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ዩኒኮድ ነው። ካልወጣ ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም አሳልፈው።

ሦስተኛውና እኔን የሚያሳዝነኝ ፎቶ የተነሣው ፒዲኤፍ ነው። መጽሐፍ ያገኘህ ይመስልሃል፤ የያዝከው ግን የገጽ ፎቶ ነው። ፊደሉን አሳድግ ብትለው ገጹ ራሱ ከስክሪኑ ይወጣል። መሣሪያውን አጋድመህ፣ የዳር ባዶውን ቆርጠህ ጥቂት ታሻሽለዋለህ፤ ከዚያ አያልፍም። ላቲኑ አንሶም ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱ ሁሉ በአንዲት ጭረት ላይ ነው፤ «ቢ» እና «ቤ»፣ «ሱ» እና «ሲ» ሲያንሱ አንድ ይሆናሉ። የሞራ ግርዶሽ ዓይኔን ከጋረደው በኋላ ነው ይህን በደንብ ያወቅሁት። ልጄ ይህን ማንበቢያ ስትሰጠኝ በዩኒኮድ የተጻፈ አንድ አማርኛ ጽሑፍ ጫነችበትና ፊደሉን አሳደገችው፣ መስመሩንም አራራቀችው። ያለ መነጽር ሳነበው አለቀስኩ። አንተ ወጣት ብትሆንም አማርኛን ከእንግሊዝኛው ሁለት ደረጃ አሳድገህ አንብብ፤ መስመሩንም አስፋው። ምናልባት አንድ ቀን የእናትህን ደብዳቤዎች በዩኒኮድ ትጽፋቸው ይሆናል፤ ያኔ ማንም ዓይኑ የደከመ ሰው ያነባቸዋል።

6. የቤተ መጻሕፍት ካርድ ሳታወጣ ወር አይለፍህ። በሳውዝ ግራንት አቬኑ ላይ ያለው ዋናው ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1907 በካርኔጊ ገንዘብ የተሠራ ነው፤ በደጁ ላይ «ለሁሉም ክፍት» የሚል በድንጋይ ተቀርጿል። ካርዱ ለኦሃዮ ነዋሪ በነፃ ነው። ከ2017 ጀምሮ በዘገየ መጽሐፍ ላይ ቅጣት ማስከፈል ትተዋል። በካርድህ ቁጥር ሊቢ የሚባለውን አፕ ትከፍታለህ፤ ሊቢን የሠራው ኦቨርድራይቭ የዚሁ የኦሃዮ፣ የክሊቭላንድ አካባቢ ድርጅት ነው። መጽሐፉን ተውሰህ ወደ ኪንድልህ ትልከዋለህ፣ ቀኑ ሲደርስ በራሱ ይመለሳል። አማርኛ እንደልብህ አታገኝም፤ ለእንግሊዝኛህ ግን ከዚህ የሚበልጥ አስተማሪ አላውቅም። ያልገባህን ቃል በጣትህ ተጭነህ ስትይዘው ትርጉሙ ይመጣል፤ ኪንድል ያየሃቸውን ቃላት ሰብስቦ ያስቀምጥልሃል። በእሑድ ቀን እነሱን ከልሳቸው።

አንዳንዱ ዋይፋዩን አጥፍቶ የተዋሰውን መጽሐፍ ቀኑ ካለፈ በኋላም ይዞ ይቆያል። አንተ አንብበህ ስትጨርስ ቀኑን ሳትጠብቅ መልሰው፤ ከኋላህ የተሰለፈ ሰው አለ። ተራህ ደርሶ ጊዜ ካጣህም ለሌላው እንዲያልፍ አድርገህ ቦታህን መጠበቅ ትችላለህ።

7. የተሰረቀ መጽሐፍ አታንብብ። ይህን የምልህ ጠንክሬ ነው። ቴሌግራም ላይ ትናንት አዲስ አበባ የወጣ ልብ ወለድ ዛሬ ከዳር እስከ ዳር ፎቶ ተነሥቶ ይዘዋወራል። ደራሲው ለወረቀቱና ለማተሚያ ቤቱ ተበድሮ ነው ያሳተመው። «ውጭ አገር ሆኜ ከየት ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ እውነት አለው፤ አማዞን ለኪንድል ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛን ፈልጌ አላገኘሁትም። መልሱ ግን ስርቆት አይደለም። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲኖር ገንዘብ ስጥና የወረቀቱን አስመጣ፤ ደራሲው ራሱ በፋይል የሚሸጥ ከሆነም ከእሱ ግዛ።

8. ደርቆ ቢቀር አትደንግጥ። የመክፈቻውን ቁልፍ 40 ሰከንድ ያህል ሳትለቅ ተጫነው፤ ጠፍቶ ይነሣል። አሁንም ዝም ካለ በሌላ ኬብል ከግድግዳ ሶኬት ላይ ሰክተህ ሰዓታት ተወው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። ቀዳዳው ውስጥ የኪስ ብናኝ ካለ በደረቅ የእንጨት ስንጥር ቀስ ብለህ አውጣ። ብዙ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ከጫንክበት በኋላ ባትሪው ቶሎ ቢያልቅ የያንዳንዱን ቃል እየመዘገበ ነው፤ ሰክተህ አሳድረው። ከዚያም ካልተሻለው ከመጨረሻዎቹ ፋይሎች አንዱ የተበላሸ ሊሆን ይችላልና አንድ በአንድ እያወጣህ ሞክር። ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ ሁሉን ስለሚያጠፋ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

9. በጁላይ 2009 አማዞን ከአሳታሚው መብት ጋር በተነሣ ችግር ሰዎች የገዙትን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ከየኪንድላቸው በርቀት ሰርዞት ነበር። ገንዘባቸውን መልሷል፣ ይቅርታም ጠይቋል። ግን ኪንድል ላይ የምትገዛው የማንበብ ፈቃድ መሆኑ ያን ቀን ለሁሉም ታየ። ስለዚህ የራስህ የሆነውን፣ የላኩልህን ጽሑፍ፣ የጻፍከውን ማስታወሻ፣ ከደራሲው የገዛኸውን ፋይል ኮምፒውተርህ ላይም አስቀምጥ። ካሊበር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም መጻሕፍትህን ያደራጅልሃል፣ ከአንዱ ዓይነት ፋይል ወደ ሌላው ይለውጥልሃል።

10. አሮጌውን ማንበቢያህን ለታናሽ ወንድምህ ደሴ ልትልክለት እንዳሰብክ ሰምቻለሁ፤ ደስ ብሎኛል። ከመላክህ በፊት ግን ከአካውንትህ ላይ ሰርዘው፤ አለዚያ ልጁ ሳያውቅ በአንተ ካርድ ይገዛል። ቻርጀሩን ገልብጠህ እይ፤ 100-240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት የአገር ቤቱን 220 ይችለዋል። አማርኛ ፎንቱን እዚሁ ጫንለት፣ እዚያ ኮምፒውተር ላያገኝ ይችላል። ተጓዡ በሻንጣ ሳይሆን በእጁ ይያዘው። ሽፋኑን እኔ እሰፋለታለሁ፤ የመሣሪያውን ቁመትና ስፋት በክር ለክተህ ቅዳሜ ይዘህልኝ ና።