የዋልታ ወፎችና የአርሲ ውሃ

ስለ ሰሜን ዋልታ ወፎች መመናመን ሲነገር ነገሩ የሩቅ አገር ሰዎች ጭንቀት ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ቀረብ ብለን ስንመረምረው ግን ጉዳዩ እስከ አርሲ ደጋ፣ እስከ ኢተያ የስንዴ ማሳ ድረስ ይዘልቃል። ይህን በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ወፎቹን እንወቃቸው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከሰሜን ብዙ ወፎች ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይወርዳሉ። ከእነዚህም አንዷ ሊትል ስቲንት የምትባለው፣ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ የውሃ ዳር ወፍ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው በዋልታው ዳርቻ ነው፤ የፈረንጆቹን ክረምት የምታሳልፈው ግን እንደ ዝዋይና አብያታ ባሉ ሐይቆች ዳር ነው። እንግዲህ ሁለት ቤት አላት ማለት ነው፤ ሁለቱም ዛሬ ተናግተዋል።

በሰሜኑ ቤቷ ሙቀቱ ከዓለም አማካይ ከሁለት እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ይጨምራል። በረዶው ቀድሞ ሲቀልጥ ጫጩቶች የሚመገቧቸው ነፍሳትም ቀድመው ይፈለፈላሉ፤ ጫጩቶቹ ከእንቁላል ሲወጡ ማዕዱ ተነሥቶ ይቆያቸዋል። ከባሕር በረዶ ሥር ዓሣ የሚያጠምዱትም ወፎች በረዶው ሲሸሽ ምግባቸው አብሮ ይሸሻል።

በደቡቡ ቤቷስ? ከጭላሎና ከጋለማ ተራሮች ውሃ የሚሰበስበው የከታር ወንዝ ዝዋይ ይገባል፤ ዝዋይ ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ በኩል አብያታን ይመግባል። አብያታ መውጫ የለውም፤ ጥልቀቱም ጥቂት ነው። ከላይ ውሃው ለመስኖ ሲቀዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተቋቋመው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ከሐይቁ ሲስብ፣ ሙቀቱም ሲበረታ፣ አብያታ ከግማሽ የሚበልጥ ስፋቱን አጣ፤ ጨውነቱ ጨመረ፤ ዓሣውም አለቀ። በሻላ ደሴቶች ላይ ጎጆ እየሠሩ ከአብያታ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት ፔሊካኖች ጎተራቸው ተዘጋባቸው።

ሌላው ጠንቅ መርዝ ነው። ካዱ በሚል ስም የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ከተመሠረተ ወዲህ በአርሲ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ተስፋፋ፤ የፀረ አረምና የፀረ ተባይ ርጭትም እየተለመደ መጣ። ሁሉም መድኃኒት አንድ አይደለም፤ ክፉው እንደ ዲዲቲ በቶሎ የማይበሰብሰው ነው። ይኸውም ከውሃ ወደ ጥቃቅን ነፍሳት፣ ከዚያም ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ወፍ ሲሻገር በየደረጃው ይከማቻል። የእንቁላሉን ቅርፊት ስለሚያሳሳው እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበራል። በስምጥ ሸለቆአችን ዓሣና ወፎች ሰውነት ውስጥ ዲዲቲ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ታይቷል። ከዚህም በላይ እንዲህ ያለው መርዝ በሞቃት አገር ተንኖ፣ በነፋስ ተጉዞ፣ በዋልታው ብርድ ይረጋል። በእኛ ዘንድ የተረጨው እዚያ ካለ ጎጆ ይደርሳል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ገበሬውን «አትርጭ» ብሎ ማዘዝ መልስ አይሆንም፤ ዋግ ስንዴውን ሲመታ የሚራቡት ልጆቹ ናቸውና። ለኢተያ ቅርብ የሆነው የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ዋግ የሚቋቋም የስንዴ ዘር ለማውጣት የሚደክመው ለገበሬውም ለወፏም ይጠቅማል። የመድኃኒቱን መጠን ማስተማር፣ የወንዝ ዳር ሣርና ዛፍ ሳይታረስ እንዲቆይ ማድረግ፣ ለሐይቆቹም የሚደርሳቸውን ውሃ መተው ይቻላል። ባልንጀሮቻችን ሆይ፣ ግብርናን፣ ሕግንና ኬሚስትሪን የምንማር ሁሉ በዚህ ሥራ ድርሻ አለን። የላይኛው ተፋሰስ ሰው የታችኛውን ካላሰበ ወፏ መጥታ የምታርፍበት ዳር አይኖርም።