በቤት የተሠራ የናፍጣ ሞተር ብስክሌት በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይጓዛል?

ከሁሩታ የመጣ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪያችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ። አጎቱ ለመስኖ ውኃ ይስብበት የነበረ፣ አሁን ግን ሥራ የፈታ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር አለ። ሞተሩ የወለቀ አሮጌ የሞተር ብስክሌት ሻሲም በርካሽ ተገኝቷል። ሁለቱን አገጣጥሞ ከሁሩታ አዋሽ መልካሳ ለመመላለስ አስቧል። ብየዳ ቤቱ የጠየቀው ገንዘብ ግን ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ቀላል አይደለም፤ ቤተሰቡም የተስማማው አንድ ሰው «በሊትር መቶ ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ብሎ ስለ ነገራቸው ነው። ተማሪው ሊያረጋግጥ የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ «እውነት መቶ ይሄዳል?»

ጥያቄው ከአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ የማያልፍ ዕውቀት ይበቃዋል። ስለዚህ አንባቢ እርሳስና ወረቀት ይዞ እንዲከተለን እንጋብዛለን።

በመጀመሪያ ሐሳቡ ቅዠት አለመሆኑን እንይ። በህንድ አገር ኤንፊልድ የተባለው ኩባንያ «ቶረስ» የሚል ስም የሰጠውን የናፍጣ ሞተር ብስክሌት ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ 325 ሲሲ ይዘትና 6.5 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተሩ ለእርሻና ለፓምፕ ከሚውሉት ሞተሮች ወገን ነበር። ፍጥነቱ ከ65 ኪሎ ሜትር በሰዓት እምብዛም አያልፍም ነበር፤ ሰዎች የወደዱት ግን ናፍጣ ስለሚቆጥብ ነው። አሜሪካ ውስጥም ሄይስ የተባለ ድርጅት የካዋሳኪን ሞተር ብስክሌት መነሻ አድርጎ ለባሕር ኃይል እግረኛ ጦር በናፍጣ የሚሠራ ሠርቷል። (በነገራችን ላይ «ፈረስ ጉልበት» የሚለው አጠራር ተማሪን ያሳስታል፤ የሚለካው ጉልበትን ሳይሆን አቅምን፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ የሚሠራውን ሥራ ነው።)

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 36 ሜጋ ጁል ያህል ጉልበት ይሰጣል፤ ቤንዚን ግን በሊትር 32 ገደማ ነው። ናፍጣ ገና ከመነሻው ብልጫ ያገኘው በእፍጋቱ ነው ማለት ነው። ከዚህ ጉልበት ውስጥ ወደ ሥራ የሚለወጠው ከፊሉ ብቻ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ላይ ያስፈተነው ሞተር ብቃቱ 26 በመቶ ነበር፤ ይህም በዘመኑ የነበሩትን የእንፋሎት ሞተሮች እጅግ የበለጠ ነው። የዛሬ አነስተኛ የፓምፕ ሞተር በሚመቸው ጭነት 30 በመቶ ሊያልፍ ይችላል፤ በመንገድ ላይ ግን ጭነቱ ስለሚለዋወጥ 25 በመቶ ብንይዝ ከእውነቱ አንርቅም። በሰንሰለት፣ በቺንጋና በማርሽ የሚባክነውን ቀንሰን ደግሞ 85 በመቶው ጎማው ላይ ይደርሳል እንበል።

ቀጥሎ መንገዱ የሚጠይቀውን እንመልከት። ብስክሌቱ 170 ኪሎ ግራም፣ ነጂው 70 ኪሎ ግራም፣ ድምሩ 240 ይሁን። ጎማ በአስፋልት ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ ከክብደቱ 1.5 በመቶ ያህል ነው፤ ይህም 35 ኒውተን ይሆናል። የአየር ተቃውሞ ግን በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል። ሁሩታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ እፍጋት በሜትር ኩብ 0.95 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ በባሕር ጠረፍ 1.2 ነው። ቀጥ ብሎ ለተቀመጠ ነጂ የፊት ስፋቱና የቅርጹ መለኪያ ሲባዙ 0.6 ካሬ ሜትር ያህል ይመጣል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 16.7 ሜትር ሲሄድ፣ ግማሽ ሲባዛ በእፍጋቱ፣ ሲባዛ በ0.6፣ ሲባዛ በፍጥነቱ ካሬ 79 ኒውተን ይሰጣል።

ድምሩ 114 ኒውተን ነው። ይህ ኃይል አንድ ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 114 ኪሎ ጁል ሥራ ይሠራል። ለ0.85፣ ከዚያም ለ0.25 ስናካፍለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 536 ኪሎ ጁል የናፍጣ ጉልበት ያስፈልጋል። 36000ን ለ536 ብናካፍል በሊትር 67 ኪሎ ሜትር እናገኛለን።

ታዲያ መቶው ከየት መጣ? ፍጥነቱን ወደ 40 ዝቅ ብናደርገው የአየሩ ተቃውሞ 35 ኒውተን ብቻ ይሆናል፤ ያንኑ 25 በመቶ ብቃት ብንጠቀም ስሌቱ ከ100 በላይ ያሳያል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ፍጥነት ሞተሩ ከአንድ ኪሎ ዋት ያነሰ አቅም ብቻ ስለሚጠየቅ፣ ከሚቃጠለው ናፍጣ ብዙው የራሱን ፒስተንና ዘንግ ሰበቃ ለማሸነፍ ይውላል። ሳይጓዝ ቆሞ የሚዞር ሞተርም ናፍጣ ይጠጣል! ብቃቱ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ ውጤቱ 87 ገደማ ነው። መቶን ማግኘት የሚቻለው በዝግታ ለመሄድ ከመስማማት በላይ ማርሹን በዚያ ፍጥነት ሞተሩ ቀስ ብሎ እንዲዞር አድርጎ በመምረጥ ነው።

የከፍታው ነገር ሁለት ገጽታ አለው። ስስ አየር ነጂውን እምብዛም አይገፋውም፤ ይኸው ብስክሌት በባሕር ጠረፍ ቢሄድ በሊትር 57 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በተጓዘ ነበር። ነገር ግን ሲሊንደሩ የሚስበውም ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ የሞተሩ ከፍተኛ አቅም በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። 7 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር ሁሩታ ላይ ከ5.5 ብዙም አይዘልም። የናፍጣ ፓምፑ ለቆላ እንደተስተካከለ ከቀረ ለመቃጠል ኦክሲጅን የሚያጣ ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ጭሱ የባከነ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው መንገድ እንምጣ። መልካሳ 1550 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። የከፍታውን ልዩነት በደፈናው 500 ሜትር፣ መንገዱን 35 ኪሎ ሜትር ብንይዝ አማካይ ተዳፋቱ 1.4 በመቶ ይሆናል። ይህ ከጎማው ተቃውሞ ጋር እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው! ቁልቁል ሲወርድ ተዳፋቱ 34 ኒውተን ያግዘዋል፤ ሲመለስ ያንኑ ያህል ይከለክለዋል። ስለዚህ ወደ መልካሳ ሲወርድ በሊትር 95፣ ወደ ሁሩታ ሲወጣ 52 ኪሎ ሜትር ይሆናል። «መቶ ገደማ ሄደልኝ» የሚል ሰው ውሸታም ላይሆን ይችላል፤ የለካው መውረጃውን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪዎች እንኳ የሚወድቁበት ወጥመድ አለ። 95ና 52ን ደምረን ለሁለት ብናካፍል 73.5 ይመጣል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። መደመር ያለበት የተቃጠለው ናፍጣ ነው። ሲወርድ 0.37 ሊትር፣ ሲወጣ 0.67 ሊትር፣ በድምሩ 1.04 ሊትር ለ70 ኪሎ ሜትር፤ ውጤቱ እንደገና 67 ነው። እንዲህ የሚመጣው ግን በመውረጃው ፍሬን ካልያዘ ነው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሲወጣ የተከፈለበት ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

ብስክሌቱ ከተሠራ በኋላ ፍጆታውን ለመለካት የሚያስፈልገው በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለው ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ በሚሊ ሊትር ተመልክቶ ነው። ሆኖም የናፍጣ ሞተር ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ናፍጣው እስኪያልቅ መንዳት አይገባም፤ አየር ወደ ቧንቧው ከገባ እስኪወጣ ድረስ ሞተሩ አይነሣም። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ከኖዝሉ የተረፈ ናፍጣ በቀጭን ቱቦ ወደ ታንከር ይመለሳል። ይህ ቱቦ ወደ መለኪያው ጠርሙስ ካልተመለሰ ያልተቃጠለው ናፍጣ እንደተቃጠለ ይቆጠራል፤ ንጹሕ ሞተርም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ሙከራው ከትራፊክ በራቀ ስፍራ ቢሆን ይመረጣል፤ የድሮው ፍሬን ከአዲሱ ሞተር ክብደት ጋር መተዋወቁን ማንም አላረጋገጠም።

ለተማሪው የመከርሁት ግን ለብየዳ ቤቱ አንድ ብር ሳይከፍል ሊያደርገው የሚችለውን ነው። ሻሲውን ድንጋይ በሞላ ጆንያ እስከ 240 ኪሎ ግራም ጭኖ፣ ሜዳ ላይ በገመድና በምንጠለጥለው ባለ ስፕሪንግ ሚዛን በዝግታ እንዲጎትተው ነገርሁት። ስሌታችን ልክ ከሆነ ሚዛኑ 3.6 ኪሎ ግራም አካባቢ ማሳየት አለበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውሎ 5 አሳየ አለኝ። 5 ማለት 49 ኒውተን ነው፤ ተስፋችን በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከ67 ወደ 60 ወረደ ማለት ነው። ጎማውን አንሥቶ በእጁ እንዲያዞረው ነገርሁት፤ የኋላው ፍሬን ሸራ ከከበሮው ጋር ይታከክ ኖሯል። ካላላው በኋላ ሚዛኑ 4 አሳየ፤ ስሌቱም 64 ወይም 65 ላይ ቆመ። ለአጎቱ የነገረውም ይህንኑ ቁጥር ነው።